የራዲያተር ፋን መቆጣጠሪያ በጉለሌ የመስክ መኪኖች ላይ

የራዲያተር ፋን መቆጣጠሪያ የሞተሩን ውሃ ሙቀት በሴንሰር እየለካ የኤሌክትሪክ ፋኑን በተወሰነለት ዲግሪ የሚያስነሳና የሚያጠፋ ትንሽ መሣሪያ ነው። አዳዲስ መኪኖች ይህን ሥራ በሞተሩ ኮምፒውተር ያሠሩታል፤ እዚህ የሚነገረው ግን መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ለብቻው ተገዝቶ ስለሚገጠመው ነው። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሽሮ ሜዳና ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ እስከ እንጦጦ በሚወጣው ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ነገሩ ከሌላው የከተማው ክፍል የበለጠ ክብደት አለው። ከፍታው ውሃ የሚፈላበትን ዲግሪ ያወርዳል፤ ዳገቱም መኪናውን በዝግታ ስለሚያስኬድ ከፊት የሚገባለትን አየር ይነሳዋል። በዚህ አካባቢ የመቆጣጠሪያውን ጥቅም የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በስንት ዲግሪ እንዲነሳ እንደተስተካከለና ራሱ ሲበላሽ ፋኑን እየሠራ ወይስ ቆሞ እንደሚተወው። የዕቃው ማርክና የፋኑ ስፋት ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው።

ንጹሕ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ባለው የአዲስ አበባ ክፍል በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ እንጦጦ ተራራ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ እዚህ ዲግሪ ላይ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ በባሕር ወለል ወደ 119፣ በእንጦጦ ወደ 113 ዲግሪ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ስፕሪንጉ ሲላላ ግን ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል። አሁን ፋኑን በ95 ዲግሪ እንዲያስነሳ የተሠራ መቆጣጠሪያ፣ ክዳኑ በደከመና ንጹሕ ውሃ ብቻ በተሞላ መኪና ላይ አለ እንበል። መኪናው ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ቢሆን ውሃው ሊፈላ 5 ዲግሪ ሲቀረው ፋኑ ይነሳለታል። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን ውሃው በ92 ዲግሪ መፍላት ይጀምራል፤ ግፊት የሌለበት ውሃ ደግሞ እየፈላ ሳለ ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ ስለማያልፍ ሴንሰሩ 95ን ላያይ ይችላል። ፋኑ ሳይነሳ ውሃው እየተነነ ያልቃል፣ ሴንሰሩ በእንፋሎት ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የሚሰጠውም ንባብ የማይታመን ይሆናል። መሣሪያው የተባለውን በትክክል እየሠራ ሞተሩ የሚጎዳበት መንገድ ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ፣ «አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ የሙቀት ችግር የቆላ መኪና ነው» የሚል ነው። ቅዝቃዜው እውነትም ይረዳል፤ ከፍታው ግን የሰጠውን መልሶ ይወስዳል። በጉለሌ ከፍታ አየሩ ሳስቶ ክብደቱ በባሕር ወለል ካለው አየር ወደ 78 በመቶ ስለሚወርድ፣ ፋኑ ያንኑ ያህል አየር ቢስብም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በግርድፍ ስሌት፣ 90 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ከ22 ዲግሪ አየር ጋር ያለው ልዩነት 68 ነው፤ ከ38 ዲግሪ የቆላ አየር ጋር ያለው 52 ነው። የመጀመሪያው በ0.78 ሲባዛ 53 ይሆናል። ደጋው ከቆላው ይበልጥበታል የተባለው ጥቅም በሳሳው አየር ተጣፋ ማለት ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በከፍታ ላይ ጉልበቱም ሙቀቱም አብረው ስለሚቀንሱ ጥቂት ይቀልለታል፤ ጉልበቱን የማይለቀው ባለ ተርቦ ግን ሙሉ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ደግሞም የጉለሌ መኪና ጉለሌ ብቻ አይቀርም። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ በሱሉልታና በፍቼ አድርጎ ጎሃ ጽዮን የደረሰ ሰው፣ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ወደሚበልጠው የዓባይ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ደጀን መውጣት አለበት። ያ ዳገት በከባድ ማርሽ፣ በሙቅ አየርና በዝግታ የሚወጣ ስለሆነ ፋን ከሚፈተንባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

በከተማችን ጋራዦች ለማፍላት ችግር የሚሰጡት የተለመዱ መፍትሔዎች ሁለት ናቸው፦ ፋኑን ዳይሬክት ማድረግና ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል። ዳይሬክት የተደረገ ፋን ቁልፍ እንደተከፈተ ተነስቶ ቁልፍ እስኪዘጋ ይዞራል። ደጋፊዎቹ «ሴንሰር የለው፣ የሚበላሽ የለው» ይላሉ፤ ክርክራቸውም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ ምክንያቱም መንገድ ላይ ሴንሰሩ ለሞተበት ሰው ዳይሬክት ማድረግ ሞተሩን ያድንለታል። እንደ ቋሚ አሠራር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው። አንድ መካከለኛ ፋን ከ15 እስከ 25 አምፔር ይበላል፤ በትራፊክ መጨናነቅ መብራት በርቶ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ዲናሞው የሚያመነጨው ከሙሉ ጉልበቱ በጣም ያነሰ ስለሆነ ጉድለቱን ባትሪው ይሸፍናል። ያለ ዕረፍት የሚዞር ፋን ካርቦኑም ቶሎ ያልቃል፤ የሚያልቅበት ጊዜ ደግሞ አይታወቅም። ቴርሞስታቱም አብሮ ከወጣ ነገሩ ይብሳል። የጉለሌ ሌሊት በብርድ ወራት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቴርሞስታት የሌለውና ፋኑ የማያቆም ሞተር ወደ እንጦጦ አጭር መንገድ ተጉዞ የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ሊመለስ ይችላል። ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ያበዛል፣ ዘይቱን ያበላሻል፣ ሲሊንደሩን ይበላል። በማፍላት ላይ የተገኘው ድል በሌላ በኩል እየተከፈለበት ነው።

ሁለተኛውና ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከላንድ ክሩዘር ባለቤቶች ነው። 4.2 ሊትሩ ባለ ናፍጣ ላንድ ክሩዘርና መሰሎቹ ፋናቸው በሞተሩ ጉልበት፣ በፋን ክላች አማካይነት የሚዞር ነው። ክላቹ ውስጥ ያለው የሲሊኮን ዘይት ከራዲያተር የሚመጣው አየር ሲሞቅ ፋኑን አጥብቆ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። በዳገት ሞተሩ በከባድ ማርሽ ሲጮህ ፋኑም አብሮ ይፈጥናል፤ ሽቦም ሪሌም አያስፈልገውም። እንዲህ ያለውን ፋን ጤነኛ እያለ አውጥቶ በኤሌክትሪክ መተካት፣ በተለይ ጭኖ ገጠር ለሚወጣ መኪና፣ ስሕተት ነው። ይቆጥባል የሚባለው ጥቂት ነዳጅም ከሚያስከትለው ሥጋት ጋር አይመጣጠንም። መቆጣጠሪያው ተገቢ የሚሆነው ከፋብሪካ የኤሌክትሪክ ፋን ይዘው መጥተው የፋኑ መስመር ለተበላሸባቸው ወይም ዳይሬክት ለተደረገባቸው ቀለል ያሉ የመስክ መኪኖች፣ ረዳት የኤሌክትሪክ ፋን ለተጨመረላቸው፣ እንዲሁም በክረምት ጥልቅ ወንዝ ለሚያቋርጡ ነው። በክላች የሚዞር ፋን ውሃ ውስጥ ሲገባ ምላጩ ወደ ፊት ታጥፎ ራዲያተሩን ሊቀድ ይችላል፤ የኤሌክትሪኩን ግን ሾፌሩ ከመግባቱ በፊት በማጥፊያ ሊያቆመው ይችላል።

ገጠማው የሚጀምረው ከመቆጣጠሪያው አይደለም። ራዲያተሩ ውስጡ በዝገት ከተደፈነ፣ የውሃ ፓምፑ ካረጀ፣ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ በፋኑ ዙሪያ ያለው መሸፈኛ ተሰብሮ ከወደቀ መቆጣጠሪያው በሽታውን ይደብቃል እንጂ አያድንም። መሸፈኛው በተለይ ይናቃል፤ ያለ እርሱ ፋኑ የሚያቀዘቅዘው ፊት ለፊቱ ያለውን ክብ ቦታ ብቻ ነው፣ የራዲያተሩ ማዕዘኖች ሥራ ይፈታሉ። እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ የሴንሰሩ ቦታ ይመረጣል። ርካሾቹ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የሚሰካ ዘንግ ይዘው ይመጣሉ፤ ለመግጠም ይቀልላሉ፣ ነገር ግን የሚለኩት ከውሃው ዝቅ ያለ ሙቀት ነው፣ በጥንቃቄ ካልተሰኩም ቱቦውን ይበሳሉ። በጥርስ የሚታሰርና ጫፉ ውሃውን የሚነካ ሴንሰር ይሻላል፤ ቦታውም ከቴርሞስታቱ በፊት፣ በሞተሩ በኩል ቢሆን ይበጃል። ከቴርሞስታቱ በኋላ ከተገጠመ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ሲጣበቅ ሴንሰሩ ቀዝቃዛ ውሃ እያነበበ ሞተሩ ይቃጠላል።

የሽቦው ሥራ በደንብ መሠራት አለበት፤ ብዙው ብልሽት ከዚህ ይመጣል። መጀመሪያ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀላል፣ መኪናው 12 ቮልት ይሁን 24 ይረጋገጣል፤ ከላንድ ክሩዘሮች መካከል ባለ 24 አሉ፣ የ12 ቮልት መቆጣጠሪያ እነርሱ ላይ ሊቃጠል ይችላል። ለፋኑ የሚሄደው ወፍራም መስመር ከባትሪው ተነስቶ፣ ከባትሪው አጠገብ በተቀመጠ ፊውዝ አልፎ ወደ ሪሌው 30 ቁጥር ይገባል፣ ከ87 ወጥቶ ወደ ፋኑ ይሄዳል፤ 85ና 86 የመቆጣጠሪያው ናቸው። ከ20 እስከ 30 አምፔር ለሚበላ ፋን ከ4 እስከ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል። ፋን ሲነሳ ለቅጽበት ከተለመደው ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚስብ የቀጠነ ሽቦ ይግላል፣ ሪሌውም ይጣበቃል። ቀስ አድርገው ፍጥነት የሚጨምሩ መቆጣጠሪያዎች ይህን ድንገተኛ ሸክም ያስቀራሉ፣ ዋጋቸው ግን ይወደዳል። የፋኑ አዟዟርም ይታይ፤ ፖዘቲቭና ነጌቲቩ ከተለዋወጠ አየሩን ወደ ኋላ መሳብ ሲገባው ወደ ፊት ይገፋል፣ መኪናው ሲጓዝ ከሚገባው አየር ጋር ይታገላል። ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ያገለገለ ፋን የሚገዛ ሰው ይህን ሳይፈትሽ ማሰር የለበትም።

የማስነሻው ዲግሪ የሚወሰነው ከቴርሞስታቱ ነው። በ82 ዲግሪ መከፈት ለሚጀምር ቴርሞስታት ፋኑ በ88 ተነስቶ በ84 ቢቆም፣ ክዳኑ ቢደክም እንኳ እንጦጦ ላይ ውሃው ሳይፈላ ፋኑ ሥራ ይጀምራል። ከ82 በታች ማውረድ ጥቅም የለውም፤ ቴርሞስታቱ ከሚጠብቀው ሙቀት በታች የተቀመጠ ፋን አያርፍም፣ ዳይሬክት ከሆነው አይለይም። «የፋብሪካው ቁጥር የተጠና ነው፣ አትንኩት» የሚሉ አሉ። ቁጥሩ የተጠና መሆኑ እውነት ነው፤ የተጠናው ግን ጤነኛ ክዳንና በኩላንት የተሞላ ራዲያተር ታስቦ ነው። ግማሽ ለግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት የመፍያውን ነጥብ ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ተሟልተው ቴርሞስታቱ የ88 ዲግሪ ከሆነ 94 ወይም 95 ተቀባይነት አለው። ውሃ ብቻ የሚሞላ መኪና ግን የፋብሪካውን ቁጥር እየጠቀሰ የፋብሪካውን ሁኔታ መተው አይችልም።

መቆጣጠሪያው ሲበላሽ የሚሆነው ከመግዛት በፊት ይጠየቃል፣ ከተገጠመ በኋላም ይፈተናል። ሞተሩ እየሠራ የሴንሰሩ ሽቦ ይነቀላል። ፋኑ በራሱ ከተነሳ ዕቃው ጥሩ ነው፤ ዝም ካለ ሴንሰሩ በሞተ ቀን ሾፌሩ የሚያውቀው እንፋሎት ሲያይ ነው። ዳይሬክትን የሚመርጡ ሰዎች ሥጋታቸው ይህ በመሆኑ መልሱም እዚህ ላይ ነው፦ ሲበላሽ ወደ ዳይሬክት የሚመለስ መቆጣጠሪያና ዳሽቦርዱ ላይ ፋኑን በእጅ የሚያስነሳ ማብሪያ። ማብሪያው ትንሽ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው፤ የአልሙኒየም ቴስታታ ተጣሞ ጓርኒሲዮኑ ሲቃጠል የሚወጣው ወጪ ግን ብዙ ነው። መኪናውን በሌላ መተካትም ቀላል አይደለም፦ ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት እጅግ ተወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አሁን በእጅ ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዳል።

ገጥሞ የጨረሰ ባለሙያ መኪናውን ቆሞ ከፈተነ በኋላ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም በሁለተኛ ማርሽ ያውጣው፤ ፋኑ የተነሳበትንና የቆመበትን ዲግሪም ይመዝግብ። ከዚያም እነዚያን ቁጥሮች፣ የቴርሞስታቱን ዲግሪና የፊውዙን አምፔር በማይጠፋ ቀለም ጽፎ ኮፈኑ ሥር ይለጥፍልን፤ ከእርሱ በኋላ መኪናውን የሚከፍተው መካኒክ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።