ሹመት፣ ንግድና ሕዝባዊ አገልግሎት፦ ዘውድ ስላልጫኑ ሦስት ሰዎች



ዘመናዊ የኢትዮጵያ ታሪክን በማስተምርበት ክፍል ለአዳዲስ ተማሪዎች ዘወትር የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከዐድዋ ድል እስከ ጣሊያን ወረራ ባሉት ዓመታት በአገሪቱ ላይ ትልቅ ተጽዕኖ ያሳደረው ማን ነው?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታት ስም ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ዘውድ ስላልጫኑ ሦስት ሰዎች ነው፤ በመንግሥት ሥልጣን ስለ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በንግድና በኢኮኖሚ ሐሳብ ስለ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ በሕዝባዊ አገልግሎት ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። ዓመተ ምሕረቱን የምጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር ነው።

የሦስቱም ሕይወት የሚጀምረው ከቀዬ በመነቀል ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ በዘመቻ ተማርከው በምኒልክ ቤት አደጉ። ወርቅነህ በሚያዝያ 1860 መቅደላ ስትወድቅ ከወላጆቻቸው ተለይተው የተገኙ ሕፃን ነበሩ፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው በበርማ አገለገሉ። ገብረ ሕይወት ከዐድዋ አካባቢ ተነሥተው ገና በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ፤ በኦስትሪያና በጀርመንም ተማሩ።

የዘር ሐረግ ዋናው የሥልጣን መሰላል በነበረበት አገር እነዚህ ሰዎች እንዴት ወደ ላይ ወጡ? እኔ እንደምረዳው ምክንያቱ መንግሥቱ አዲስ ሥራ ስለ ገጠመው ነው። ከ1888ቱ ድል በኋላ ድንበር መካለል፣ ከውጭ መንግሥታት ጋር መደራደር፣ የባቡሩን ንግድ መቆጣጠር፣ ትምህርት ቤት መክፈት ግድ ሆነ። ለዚህ ሁሉ የትውልድ ክብር ብቻውን አልበቃም፤ ችሎታ ያለው ሰው ተፈለገ።

ከሀብተ ጊዮርጊስ ልጀምር። ፊታውራሪ ገበየሁ ዐድዋ ላይ ሲወድቁ ቦታቸውን የያዙት እርሳቸው ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙም የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ማንበብና መጻፍ እንዳልተማሩ ቢነገርም በችሎት ብልሃታቸው የታወቁ ነበሩ፤ «አባ መላ» የሚለው የፈረስ ስማቸውም ለጠባያቸው የተሰፋ ይመስላል። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ በወሩም ሰገሌ ላይ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ድል ሲሆን፣ የእርሳቸው እጅ ወሳኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመታት ያህል በንግሥት ዘውዲቱና በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መካከል እንደ ምሰሶ ቆሙ። የጥንቱ ሥርዓት ጠባቂም ስለ ነበሩ፣ አልጋ ወራሹ ያሰቡት ለውጥ ሁሉ የእርሳቸውን ፊት ማየት ነበረበት።

ነገር ግን በ1919፣ አቡነ ማቴዎስ ባረፉበት ሰሞን፣ ፊታውራሪውም ዐረፉ። ጦራቸውና ግዛታቸው ወዲያው በአልጋ ወራሹ እጅ ገባ፤ ተፈሪም በመስከረም 1921 ንጉሥ ተባሉ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አገር ያንቀጠቀጠ ሥልጣን ባለቤቱ በሞተ ማግስት ወደ ሌላ ሰው ተላለፈ። የጦር ሚኒስቴር የሚል ስም ቢኖርም፣ ኃይሉ የሚኒስቴሩ ሳይሆን የሰውዬው ነበርና።

ይህን ድካም አስቀድመው በጽሑፍ ያመለከቱት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ናቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሹመትን እንደ ግል መከር የሚያይ ነው፤ እርሳቸው የተሟገቱት ከዚህ አመለካከት ጋር ነበር። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፋቸው የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲለይ፣ ግብሩም የታወቀ ልክ እንዲኖረው መከሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ደግሞ የሀብት ምንጭ ሥራና ዕውቀት መሆናቸውን አስረዱ፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን ሰጥቶ በፋብሪካ የተሠራውን ሲለውጥ፣ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ድካም እንደሚለውጥ አሳዩ።

እኒህ ሰው ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማሩትም። በባቡሩ መሥመር ላይ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተዋል፤ በድሬዳዋም ነጋድራስ ነበሩ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ፣ የቀረጥ ሰብሳቢና የንግድ ዳኛ ነበር። ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ ጨርቅና ሸቀጥ ሲገባ በዐይናቸው አይተዋል። ሆኖም አርባ ዓመት ሳይሞላቸው በ1911 ዐረፉ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1916 ነው። በሕይወት ሳሉ ሐሳባቸውን በሥራ የሚተረጉም ሥልጣን አላገኙም። ሐሳባቸው ግን ጦርና ግዛት እንደሚተላለፍ ተላልፎ አልጠፋም፤ ዛሬም የኢኮኖሚ ታሪክ ተማሪ ያለ እርሳቸው አይጀምርም።

ሦስተኛው ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ዘመዶቻቸውን አገኙ። በሕክምና አገለገሉ፤ በ1917 የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ደከሙ፤ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ በወረራው ጊዜም ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ተከራከሩ። ጦር አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ተቋም የማቆም ትዕግሥት ነው።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብዘጋው «የሚዘልቀው ተቋም የሠራ ነው» ብዬ በቀላሉ በፈጸምሁ ነበር። ነገር ግን ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ፋሽስቶች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ሲገድሉ፣ ከሟቾቹ መካከል የሐኪሙ ሁለት ልጆች፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ ይገኙበታል። አንድ ትውልድ ለማስተማር ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ለማጥፋት ግን ጥቂት ቀናት በቅተዋል። ስለዚህ ተቋም የሚጠብቀው ኃይል ያስፈልገዋል። የፊታውራሪውን ክንድ ንቀን የሐኪሙን ትምህርት ቤት ብቻ ብናወድስ ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። የዘመኑ እውነተኛ ጉዳት ክንዱ፣ ሐሳቡና ትምህርት ቤቱ በአንድ ሕግ ሥር አለመገናኘታቸው ነው፤ ሦስቱም ለየብቻቸው በንጉሥ ሞገስ ላይ ተንጠለጠሉ።

ለተማሪዎቼ አንድ የሙያ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ገብረ ሕይወትን በገዛ ቃላቸው እናውቃቸዋለን፤ ሀብተ ጊዮርጊስን ግን ሌሎች በጻፉላቸውና በአፍ በሚነገረው ነው። የጻፈ ሰው በታሪክ ፊት ራሱ ይናገራል፤ ያልጻፈ ሌላ ይናገርለታል። የሰውን ተጽዕኖ ስንመዝን፣ ከተረፈው ወረቀት ብዛት ጋር እንዳናምታታው እንጠንቀቅ።

ከዚህ አዳራሽ ነገ ሚኒስትር፣ ነጋዴ፣ የማኅበር መሪ የሚሆን ይወጣል። ስለ ማንኛውም ባለሥልጣን «ምን ያህል ከፍ አለ?» ከማለታችን በፊት «እርሱ በሌለበት ቀን ሥራው በማን፣ በምን ሕግ ይቀጥላል?» ብለን እንጠይቅ። ሀብተ ጊዮርጊስ በሞቱ ማግስት ይህን ጥያቄ የመለሰው ሕግ ሳይሆን የቀደመ እጅ ነበር።