ቡታቢካ እና የቤተሰብ ውሳኔ

በካምፓላ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የቡታቢካ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የተከፈተው በ1955 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ አስቀድሞ በኡጋንዳ እብድ የተባለ ሰው ይቀመጥ የነበረው መጀመሪያ በሆይማ ወኅኒ ቤት፣ ከ1934 ወዲህ ደግሞ በሙላጎ ነበር። የዚህ ሕክምና ታሪክ ከወኅኒ ቤት መነሣቱን ልብ እንላለን። ቤተሰብ ልጁን ወደዚያ ለመውሰድ ቢያመነታ የሚያስደንቅ አይደለም።

በ1938 ወጥቶ በ1964 የተሻሻለው የአእምሮ ሕክምና ሕግ ሲነበብ አስገዳጁ መንግሥት ይመስላል። ነገር ግን በሩን ብዙ ጊዜ የሚያንኳኳው ዘመድ ነው። በሕጉ መሠረት አንድ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ እገሌ አእምሮው ታውኳል ሲል በመሐላ ያስረዳል፤ ዳኛውም ሕመምተኛውን በሐኪም አስመርምሮ ይወስናል። ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ፖሊስ፣ ሐኪም ወይም የአካባቢው ሹም በሚሰጠው ትእዛዝ ከ10 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ሊያዝ ይችል ነበር። እናት በገዛ ልጇ ላይ ምላ ስትናገር ምን እንደሚሰማት ሕጉ አይጠይቅም።

ውሳኔው በቤትና በሆስፒታል መካከል ብቻም አልነበረም። የጋንዳ ሕዝብ ኤዳሉ የሚለው ብርቱ እብደት ሲነሣ ባህላዊ መድኃኒተኛ አለ፤ በቤት ውስጥ ማሰርም አለ። ከጉሉ ለሚመጣ ቤተሰብ ደግሞ ካምፓላ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንግዲህ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ፣ ጉልበትም ገንዘብም ካለቀ በኋላ ቢሆን ጥፋቱን በዘመድ ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል።

አሮጌው ሕግ በፈቃዱ የመጣውንና ተገዶ የገባውን በቅጡ አይለይም ነበር። በ2018 የወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ ግን በፈቃድ፣ በአስቸኳይና ያለፈቃድ መግባትን ለያይቶ ደነገገ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጠበሉና የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ተመሳሳይ ጥያቄ ሲያስነሡ ኖረዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ የሚገርም አንቀጽ አለው። ከ2,000 ያነሰ ሕዝብ ባለበት ቦታ፣ ከሕመሙ የተነሣ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክለው ሰው እብደቱ በግልጽ እንደታወቀ ይቈጠራል ይላል። ሐኪምም ዳኛም ሳያየው፣ የቤቱ ጥበቃ ራሱ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።