ከጭነት ባቡር እስከ ሶሲዮሎጂ ማስተርስ

«ሶሲዮሎጂ በማስተርስ ተምረህ ምን ልትሠራ ነው?» የተባላችሁ ካላችሁ የኔልስ አንደርሰንን ታሪክ ላውራችሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

አንደርሰን በ1889 ቺካጎ ተወለደ። በወጣትነቱ በጭነት ባቡር ላይ ሳይከፍል እየተንጠላጠለ ሥራ ወዳለበት ሁሉ ይዞር ነበር። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ሰው ሆቦ ይሉታል። በኋላ ዩታ ውስጥ አንድ ቤተሰብ አስጠጋው፤ እዚያው ዲግሪውን ይዞ በ1921 ለማስተርስ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገባ። መምህራኑ ሮበርት ፓርክና ኧርነስት በርጀስ ተማሪዎቻቸውን ከቤተ መጻሕፍት አስወጥተው ወደ ከተማው የሚልኩ ሰዎች ነበሩ። አንደርሰንም ሆቦዎች በሚበዙበት በዌስት ማዲሰን ጎዳና አካባቢ፣ ርካሽ ሆቴል ውስጥ ክፍል ተከራየ።

በቺካጎ ቤት የሌላቸው ወንዶች ሥራ በሞላበት ጊዜ 30,000፣ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ 75,000 እንደሚደርሱ ገመተ። ምህንድስና ስላጠናሁ ይሆናል፣ እኔን የማረከኝ ግን ከቆጠራው በፊት የሠራው ሥራ ነው። ለከተማው ሰው ሁሉም «ቦዘኔ» ነበሩ። እሱ ግን የመንገዱ ሰዎች የሚጠቀሙበትን መለያ ወሰደ፦ እየዞረ የሚሠራ፣ እየዞረ የማይሠራ፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ የማይሠራ። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የመጀመሪያው ስንዴ አጫጁ፣ ሐዲድ ዘርጊው ነው፤ የሚያስፈልገው ከሥራ ጋር የሚያገናኘው ቢሮ እንጂ ፖሊስ አይደለም። ምድቡ ከተበላሸ፣ ቆጠራው የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን በቃ፣ ዋጋ የለውም።

ጥናቱ በ1923 «ዘ ሆቦ» ተብሎ ታተመ፤ ማስተርሱን ያገኘው ግን በ1925 ነው። አዎ፣ መጽሐፉ ዲግሪውን ቀደመው! ፈታኞቹ የውጪውን ሶሲዮሎጂ ከእነሱ በላይ እንደሚያውቅ፣ የክፍሉን ግን እንደማያውቅ ነግረውት እንዳሳለፉት ራሱ ከዓመታት በኋላ ጽፏል።

ሥራውስ? በ1930 ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ። ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሚሊዮኖችን ሥራ ሲያሳጣ የሩዝቬልት መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ የሚፈጥር መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ አንደርሰን እዚያ የሠራተኞችን ጉዳይ ያዘ። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመን ሄዶ ኮሎኝ የነበረውን የዩኔስኮ የማኅበራዊ ሳይንስ ተቋም መራ። ካናዳ ውስጥ ማስተማር የጀመረው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በ1975 ደግሞ፣ ሰማንያውን ተሻግሮ፣ ሌላ መጽሐፍ አወጣ፤ አሁንም ስለ ሆቦ፣ ይኸውም ስለ ራሱ ሕይወት።