ፈገግታና ሚዛን በላቲን መዝገበ ዕውቀት

«ገለልተኛ» የሚለው ሐሳብ በላቲን የተገለጸበት ቃል ጥሬ ትርጉሙ «ከሁለቱም ያልሆነ» ማለት ነው። ሰዋስው አዋቂዎች ያንኑ ቃል ወንዴም ሴቴም ላልሆነው ሦስተኛ ጾታ ስም አደረጉት። ሮማውያን ቃሉን ይፍጠሩት እንጂ ግብሩ ግን እምብዛም አልሆነላቸውም። ታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ «አናልስ» የተባለ መጽሐፉን ሲጀምር ያለ ቂምና ያለ አድልዎ እንደሚጽፍ ቃል ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በጢባርዮስና በኔሮን ላይ የሰነዘረው ስላቅ ግን ሃያ ክፍለ ዘመን ገደማ አልፎም ያቃጥላል። ብዙውን ጊዜ አይሳደብም፤ የተነገረውንና የተደረገውን ጎን ለጎን አቁሞ ፍርዱን ለአንባቢው ፈገግታ ይተወዋል። ሳቅ እንዲህ የተሸሸገ ፍርድ ከሆነ፣ ከሁለቱም ወገን አልቆምም በሚል መጽሐፍ ውስጥ ምን ያህል ቦታ ሊሰጠው ይገባል?

ጥያቄው ዛሬም በዚያው በላቲን ቋንቋ ይጠየቃል። ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተመሠረተ ከአንድ ዓመት በኋላ የላቲን እኅቱ «ዊኪፓይዲያ» ተከፈተች። አሁን ከ130,000 በላይ መጣጥፎች አሏት። ከጸሐፊዎቿ መካከል ላቲንን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ የለም፤ ሁሉም የተማሩት ከመጽሐፍ ነው። የጋራ ጉዳያቸውን የሚመክሩበትን ሰሌዳ «ታቤርና» ብለው ሰይመውታል፤ ሱቅም መጠጥ ቤትም ማለት ነው። ሁለት ሕጎች ይገዟቸዋል፦ አንዱ ከሌሎቹ ዊኪፔዲያዎች ጋር የሚጋሩት ገለልተኝነት ነው። ሁለተኛው «አትፍጠር» የሚል ነው፤ ማንም ከልቡ አዲስ ቃል አንቅቶ በመጣጥፍ ውስጥ አያስገባም፤ ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው የጻፈውን ቃል ፈልጎ ያገኛል እንጂ።

ፍለጋው ግን ራሱ ፈገግ ያሰኛል። በቫቲካን የተቋቋመው የላቲን ቋንቋ ድርጅት በ1990ዎቹ ለዘመናዊ ነገሮች ስም የሚሰጥ መዝገበ ቃላት አሳትሞ ነበር። በዚያ ውስጥ ቮድካ «ብርቱ የስላቭ መጠጥ» ተብሏል፤ በ1970ዎቹ ፋሽን የነበረው ቁምጣም «እጅግ አጭር የሴቶች ሱሪ» ሆኗል። አዘጋጆቹ አልቀለዱም፤ ሥራቸውን በሙሉ ቁም ነገር ነው የሠሩት። ሆኖም አንባቢ ይስቃል፤ ከሳቁም በታች አንድ አድልዎ ተቀምጧል። ፊንላንዳውያንና ስዊድናውያን ቮድካ ሲጠምቁ ኖረዋል፤ ስላቭ ግን አይደሉም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው፦ ኮስታራ ፊት የገለልተኝነት ዋስትና አይደለም። አንድ ስም ብቻውን፣ ማንም ሳያስበው፣ ወገን ይዞ ሊቆም ይችላል።

ሆን ተብሎ የተጻፈ ቀልድስ? የፈረንሳዩ ታላቅ «ኢንሳይክሎፔዲ» ከ1751 ጀምሮ ሲታተም ዋና አዘጋጁ ዲድሮ አንድ ብልሃት ነበረው። የመጣጥፉን ገላ በጨዋ ቋንቋ ጽፎ፣ በመጨረሻ «ይህንንም ተመልከት» በሚለው ጥቆማ ይወጋል። ስለ ሰው በላ ሕዝቦች ያነበበ አንባቢ ቀጥሎ ስለ ቅዱስ ቁርባን እንዲያነብ ተጠቁሟል። ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። መጽሐፉ በ1759 የማተሚያ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ሮምም ከተከለከሉ መጻሕፍት ተራ አስገባችው። የዲድሮ ቀልድ ገለልተኛ አልነበረም፤ አፍ በተለጎመበት ዘመን የተገኘ መተንፈሻ ነበር እንጂ።

ሁለት መቶ ዓመታት ያህል አልፈው ሌላ ዓይነት ቀልድ መጣ። በ1996 በጀርመን መታተም የጀመረው ስለ ጥንታዊት ግሪክና ሮማ የሚያትተው «ዴር ኖየ ፓውሊ» የተባለ የምሁራን መዝገብ «አፖፑዶባሊያ» ስለሚባል ጨዋታ ዘግቧል። ጨዋታው ከቆሮንቶስ ተነሥቶ፣ በሮማ ጭፍሮች መካከል ተወድዶ፣ እስከ ብሪታንያ ደረሰ ይላል። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊው ተርቱሊያኖስም እንዳልወደደው ያክላል። ከምንጮቹ መካከል ለአንድ «ኤም. ዛመር» የተዘጋጀ የክብር መድበል ይገኛል። ማትያስ ዛመር የታወቀ የጀርመን እግር ኳስ ተጫዋች ነበር! ጨዋታው ፈጽሞ አልነበረም። እንዲሁም «ፕሺረምበል» የተባለው የጀርመን የሕክምና መዝገብ በ1983 እትሙ ድንጋይ የሚበላ ቅማል አስገባ፤ ፍጡሩ ቀልደኛው ሎርዮ በ1976 በቴሌቪዥን የፈጠረው ነው። የላቲን ስሙም «ፔትሮፋጋ ሎርዮቲ» ነው። አዘጋጆቹ በ1994 ቢያወጡት አንባቢ አጉረመረመ፤ በ1997 ተመልሶ ገባ።

በእነዚህ ቀልዶች የሳቀ ሰው አልተታለለም። የፓውሊ አንባቢ የሙያው ሰው ነውና ዛመርን ሲያይ ይነቃል፤ ሐኪሙም ድንጋይ የሚበላ ቅማል እንደሌለ ያውቃል። ቀልዱን የሚያድነው ይህ ነው፦ ጸሐፊውና አንባቢው በአንድ ማዕድ ዙሪያ መቀመጣቸው። ማዕዱ ሲሰፋና ጠባቂው ሲያንስ ግን ያው ቀልድ ሐሰተኛ ገንዘብ ይሆናል። በባንክ የምንሠራ ሰዎች አንድ ቁጥር ከሌላ መዝገብ ጋር ሳይመሳከር አናምነውም። በትንሽ ቋንቋ ለሚነበብ ነገር ደግሞ ማመሳከሪያው ሁለተኛ መዝገብ ብዙ ጊዜ የለም። በ2020 በስኮትስ ቋንቋ ዊኪፔዲያ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ መጣጥፎች ቋንቋውን በቅጡ በማያውቅ አንድ ሰው እንደተጻፉ ታወቀ። ሰውየው መቀለዱ አልነበረም፤ በቅን ልብ ነው የደከመው። የቋንቋው ባለቤቶች ግን እንደ ፌዝ ቆጠሩት። አንባቢ በጠፋበት ቦታ ቁም ነገርና ፌዝ እንኳ መለየት ያቅታቸዋል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሉዶልፍ በ1661፣ ዲልማንም በ1865 ያሳተሟቸው የግእዝ መዝገበ ቃላት ግእዙን የፈቱት በላቲን ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ከቤተ መቅደስና ከመጽሐፍ ጋር የቀሩ፣ በአፍ መፍቻነት የሚናገራቸው የጠፋ እኅትማማቾች ናቸው። ግእዝ ግን ዝም አላለም፤ ቅኔ ዛሬም ይዘረፍበታል፤ ቅኔም ውስጥ ጨዋታ አለ። የቅኔ ሰሙን ከወርቁ የሚለይ ጉባኤ ባይኖር ጨዋታው ተራ እንቆቅልሽ ሆኖ በቀረ ነበር።

ስለዚህ የላቲን ጸሐፊዎቹ ልማድ ብልህ ይመስለኛል፦ ቀልዱን በታቤርና፣ ምስክርነቱን በመጣጥፉ። ሳቅ የሌለበት ቋንቋ ከሐውልት ላይ ጽሕፈት አይለይም፤ ሳቁን ከምስክሩ ያልለየ መዝገብም እምነቱን ያጣል። «ከሁለቱም ያልሆነ» ማለት ፈገግታ የማያውቅ ማለት አይደለም። ፈገግታውን አንባቢው እንዲያየው በግልጽ የሚያኖር ማለት ነው።