ስለ አንድ ሕፃን ሥዕልና ስለ ቅጂው

ሰው የሥራውን ፍጻሜ ለማሳየት ይወዳል እንጂ ጅማሬውን ለማሳየት አይወድም። የቅኔ ተማሪ እንኳ መወድስ ለመቀኘት ከበቃ በኋላ የመጀመሪያይቱን ጉባኤ ቃናውን በሰው ፊት ለመናገር ያፍራል። ስለዚህ የታላላቅ ጠቢባን የልጅነት ሥራ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይቀራል፤ ሳይጠፋ ቢገኝም ማን እንደ ሠራው፣ መቼስ እንደ ሠራው የሚመሰክርለት የለም። ከጀርመናዊው ሠዓሊ ከአልብሬኽት ዱረር ሥራዎች መካከል ግን ከዚህ የተለየ አንድ ነገር እናገኛለን። ይኸውም በ1484 ዓመት ገና ልጅ ሳለ የሣለው የራሱ መልክ ነው። በዚህ ጽሕፈት የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ይህ ሥዕል በፎቶግራፍ እየተነሣ፣ በማተሚያ መኪና በሸራ ላይ እየታተመ፣ በእንጨትም ላይ እየተወጠረ ለቤት ጌጥ ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ቅጂ በግድግዳው ላይ የሚሰቅል ሰው የሚነቀፍ ሥራ አልሠራም፤ ዳሩ ግን የሰቀለው ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ ይገባዋል።

ዱረር በ1471 ዓመት በኑረምበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከሀንጋሪ አገር ወጥቶ በ1455 ወደዚያች ከተማ የመጣ ወርቅ አንጥረኛ ነበረ። እናቱ ባርባራ 18 ልጆች ወለደች፤ ከእነርሱ ግን ብዙዎቹ ሞቱ። አልብሬኽትም በአባቱ ቤት የአንጥረኝነትን ሥራ ይማር ነበርና፣ መልኩን የሣለበት መሣሪያ ከአንጥረኛ ቤት የራቀ አይደለም፤ ጫፉ የሾለ የብር ዘንግ ነው። ለዚህ ሥራ ወረቀቱ አስቀድሞ ከሙጫ ጋራ በተለወሰ የአጥንት አመድ ወይም ይህን በመሰለ ነገር ይቀባል። ቅቡ ከደረቀ በኋላ ብሩ ሲሄድበት ቀጭን ግራጫ መስመር ይተዋል፤ መስመሩም በዘመን ብዛት ወደ ቡናማነት ይለወጣል። የዚህ ሥራ ጭንቁ የተሠመረው መስመር እንደ ከሰል በቀላሉ የማይጠፋ መሆኑ ነው። የሠዓሊው እጅ የሳተ እንደ ሆነ ስሕተቱ ከሥራው ጋራ ይኖራል።

ቁመቱ 27 ሴንቲሜትር ተኩል፣ ወርዱም 20 ሴንቲሜትር ያህል በሆነው ወረቀት ላይ አንድ ልጅ ከወገቡ በላይ፣ ፊቱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ ይታያል። ጠጕሩ ከቆቡ ሥር ወደ ትከሻው ወርዶአል፤ ጕንጩ ገና የሕፃን ጕንጭ ነው። አንደኛው እጁ በእጀጌው ውስጥ ተሰውሮአል፤ የሌላው እጅ ቀጭን ጣት ግን ከሥዕሉ ውጭ ወዳለ፣ እኛ ወደማናየው ነገር ያመለክታል። ዱረር ካደገ በኋላ በገዛ እጁ ጥቂት ቃል ጻፈበት፤ ይህን መልክ ከመስተዋት እያየ የሣለው እርሱ ራሱ መሆኑን፣ ዘመኑም 1484 መሆኑን፣ ያን ጊዜም ገና ሕፃን እንደ ነበረ አመለከተ። ማን፣ እንዴት፣ መቼ የሚሉት ሦስቱ ጥያቄዎች በዚያች አጭር ጽሕፈት መልስ አገኙ።

ልጁም ሠዓሊ ለመሆን እንደሚወድ ለአባቱ በነገረው ጊዜ፣ አባቱ በአንጥረኝነት ትምህርት በከንቱ ስላለፈው ጊዜ አዘነ። ነገር ግን የልጁን ፈቃድ ተቀብሎ በ1486 ለሠዓሊው ለሚካኤል ቮልገሙት ሰጠው። ይህን ዱረር ራሱ በጻፈው በቤተ ሰቡ ታሪክ ውስጥ እናነባለን። እንግዲህ ያ ሥዕል የአንጥረኛ ተማሪ ሥራ ነው እንጂ የሠዓሊ ተማሪ ሥራ አይደለም።

የዱረር የክርስትና አባት አንቶን ኮበርገር ስሙ የታወቀ አታሚ ነበረ። ዱረርም የኅትመትን ኃይል ከልጅነቱ አውቆ፣ በ1498 የዮሐንስን ራእይ በእንጨት ከተቀረጹ 15 ሥዕሎች ጋራ አሳተመ። በሥራዎቹም ላይ የስሙን ሁለት ፊደላት አጣምሮ ምልክት ያደርግ ነበር። ሥዕሎቹ በየአገሩ በተሸጡ ጊዜ ግን ምልክቱን ሳይቀር እየገለበጡ የሚሸጡ ሰዎች ተነሡ። ስለዚህ በ1511 ባሳተመው በእመቤታችን በማርያም ሕይወት መጽሐፍ መጨረሻ ከንጉሠ ነገሥቱ ከማክሲሚልያን የተሰጠውን መብት ጠቅሶ፣ የሰውን ድካም የሚሰርቁትን አስጠነቀቀ። በ1512ም አንድ እንግዳ ሰው በኑረምበርግ የምክር ቤት አዳራሽ አጠገብ የዱረር ምልክት በሐሰት የተደረገባቸውን ሥዕሎች ሲሸጥ ተገኘ። ምክር ቤቱም ምልክቶቹን ሁሉ እንዲያጠፋ፣ እምቢ ቢል ግን ሥዕሎቹ እንዲወረሱበት ፈረደ።

አንባቢዎች ሆይ፣ ይህን ፍርድ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ዱረር መገልበጡንም ጭምር ሊያስከለክል ወድዶ ነበር፤ ፍርዱ ያረፈው ግን በሐሰተኛው ምልክት ላይ ነው። መገልበጥማ የተማሪ ሁሉ መንገድ ነው። ዱረር ራሱ በ1494 ኢጣሊያዊው ማንቴኛ በመዳብ ቀርጾ ያሳተማቸውን ሥዕሎች በብዕር ገልብጦ ተምሮባቸዋል። ነውሩ ቅጂው ራሱን ዋናው ነኝ ማለቱ ነው።

ወደ ሸራው ቅጂ እንመለስ። ዋናው ሥዕል ከወረቀት ነው፤ ቅጂው ሸራ ስለ ሆነ የማያውቅ ሰው በዘይት ቀለም የተሣለ ይመስለዋል። ዋናው በሁለት እጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው፤ ቅጂው ግን ግድግዳ እስኪሞላ ድረስ ይጐላል። የብሩ መስመር እጅግ ቀጭን ነው፤ በሸራው ላይ ግን ከድርና ከማጉ ጋራ ይደባለቃል። ጽሕፈቱንም ለጌጥ አይመችም ብሎ ቆርጦ የሚያስቀር ቢኖር፣ ሥዕሉን ከነምስክሩ አላቀረበም።

ይህም ሆኖ ቅጂውን ልንንቅ አይገባንም። ዋናው በቪየና ከተማ በአልበርቲና ቤተ መዘክር ይጠበቃል፤ ብርሃንም የሚጐዳው ስለ ሆነ ዘወትር ተሰቅሎ አይታይም። ወደዚያ ለመሄድ ላልቻለው ብዙ ሰው ቅጂው ብቸኛ መንገድ ነው። የዱረር አባት ሙያ ይህን ያስተምረናል፤ አንጥረኛ ሰሙን ቀርጾ ወርቁን ያፈስስበታል፤ ሰሙም ባይኖር ወርቁ መልክ አይዝም ነበር። ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ የሚሸጥ ግን ሌባ ነው።

ስለዚህ ይህን ቅጂ በቤቱ ወይም በትምህርት ቤት የሚሰቅል ሰው ከሥሩ ጥቂት ቃል ይጻፍበት፤ የዱረር ሥራ መሆኑን፣ በ1484 በብር ዘንግ በትንሽ ወረቀት ላይ መሣሉን፣ ዋናው በቪየና መኖሩን፣ ይህም ቅጂ መሆኑን ይግለጥ። ያን ጊዜ የሚመለከተው ተማሪ የታላቁን ሰው ጅማሬ በእውነተኛ ልኩ ያያል፤ በራሱም ጅማሬ ተስፋ አይቆርጥም። ዱረር የልጅነት ሥራውን የልጅነት ሥራ ነው ብሎ ለመጻፍ ካላፈረ፣ እኛ ቅጂውን ቅጂ ብለን ለመጥራት ምን ያሳፍረናል?