ሄልሜትና አስተውሎት፦ ሞተረኞች ከሌላው ስህተት ራሳቸውን መጠበቅን እንዴት ተማሩ

የሞተር ሳይክል ሄልሜት መጀመሪያ የተለመደው በመንገድ ላይ ሳይሆን በውድድር ሜዳ ነው። ከለንደን ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው የብሩክላንድስ መወዳደሪያ ሐኪም የነበረው ኤሪክ ጋርድነር ጭንቅላታቸው የተመታ ሞተረኞች በየጊዜው ሲመጡለት አይቶ ከሸራ የተሰፋና በሼላክ ሙጫ የጠነከረ ቆብ አሠራ። እ.ኤ.አ. በ1914 በማን ደሴት በተካሄደው የቱሪስት ትሮፊ ውድድር ተወዳዳሪዎች ሄልሜት እንዲያጠልቁ ግዴታ ተጣለባቸው። ለሥራም ሆነ ለሽርሽር በየመንገዱ የሚነዳው ሰው ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የጨርቅ ቆብ ደፍቶ ወይም ራሱን ሳይሸፍን ይሄድ ነበር።

ጉዳዩን ከውድድር ሜዳ ወደ መንገድ ያወጣው የአንድ ታዋቂ ሰው ሞት ነው። “የአረቢያው ሎውረንስ” በሚል ስም የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎውረንስ እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1935 በእንግሊዝ ዶርሴት ግዛት ብራፍ ሱፒርየር ሞተሩን እየነዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ መንገዱ ጎድጎድ ካለበት ቦታ ሁለት ልጆች በብስክሌት ሲሄዱ ድንገት ደረሰባቸው። እነሱን ለማዳን ሲል መሪውን ጠመዘዘና ተወርውሮ ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ ሳይነቃ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ በአውስትራሊያ የተወለደው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሂዩ ኬርንስ ነበር።

ኬርንስ ነገሩን በዚያው አልተወውም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞች መብራት በጠፋባቸው መንገዶች ሌሊት በሞተር ይመላለሱ ስለነበር ለምርምሩ የሚሆን ማስረጃ በብዛት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1941 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጣው ጽሑፍ፣ በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወራት በሞተር አደጋ የሞቱት ነጂዎችና ተሳፋሪዎች 2,279 መሆናቸውንና ይህም ከዚያ በፊት ከነበሩት 21 ወራት በ21 በመቶ እንደሚበልጥ አሳየ። ሄልሜት አድርገው ከተጋጩት መካከል እሱ ያያቸው ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ተርፈዋል። ሰባት ሰው ለማስረጃ ጥቂት ነው፤ ሠራዊቱን ለማሳመን ግን በቂ ሆነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በሥራ ላይ ያለ የጦሩ ሞተረኛ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርግ ታዘዘ። ሲቪሉን ለማዘዝ የብሪታንያ መንግሥት እስከ 1973 ቆየ። የኬርንስ የትውልድ አገር ቀድማዋለች፤ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1961 ሄልሜትን በሕግ አስገዳጅ አድርጋለች።

በሎውረንስ አደጋ ውስጥ ግን ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። አንዱ የወደቀ ሰው ጭንቅላቱ እንዴት ይተርፋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከፊት ያለው ሰው ያልታየው ወይም ያልተጠበቀውን ያደረገ እንደሆነ ሞተረኛው እንዴት ሳይወድቅ ያልፋል የሚለው ነው። ሐኪሞቹ የያዙት የመጀመሪያውን ነው፤ ሙያቸውም ይኸው ነውና አያስወቅሳቸውም። ሁለተኛው ጥያቄ ባለቤት ያገኘው በፖሊስ ቤት ነበር። የለንደን ፖሊስ በ1930ዎቹ በሄንደን የማሽከርከር ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ የውድድር መኪና ነጂ የነበረውን ሎርድ ኮተንሃምን ለአሠልጣኝነት ቀጠረ። በዚያ የተቀረጸው ሥርዓት ነጂው ማርሽ ከመቀየሩ፣ ፍሬን ከመያዙና ከመታጠፉ በፊት ምን ማየት እንዳለበት በቅደም ተከተል ይደነግጋል። ከሥርዓቱ ዋና ሐሳቦች አንዱ ነጂ ባዶ መሆኑን በዓይኑ ባረጋገጠው ርቀት ውስጥ መቆም መቻል አለበት የሚል ነው። ትምህርቱ “ሮድክራፍት” በሚል ርዕስ እ.ኤ.አ. በ1955 ለሕዝብ ታትሞ ወጣ። ለሞተረኞች የተዘጋጀውም መጽሐፍ ቆይቶ ተከተለ።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በሌላ አቅጣጫ መጣ። የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሃሪ ኸርት በመንግሥት ገንዘብ ከባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን በየቦታው ተገኝቶ መረመረ፤ 3,600 የፖሊስ ሪፖርቶችንም አገላበጠ። ከዚያ የሚልቀው ብልሃት ሌላ ነው። አጥኚዎቹ አደጋ ወደደረሰባቸው ቦታዎች ተመልሰው፣ ምንም ሳይሆኑ የሚያልፉ 2,310 ሞተረኞችን ጠየቁ። ከተጎዳው ጋር ያልተጎዳው ካልተነጻጸረ ጥፋቱ ከምን እንደመጣ አይታወቅምና።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ውጤት ብዙ ልማዳዊ አስተሳሰብ አፈረሰ። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛው ያህል ከሌላ ተሽከርካሪ፣ በአብዛኛው ከቤት መኪና ጋር የተደረገ ግጭት ነበር። ከነዚህ ሁለት ሦስተኛው የደረሰው ባለመኪናው ቅድሚያ በመከልከሉ ነው፤ በተለይ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከፊት ለፊት እየመጣ ያለውን ሞተር ሳያይ ወደ ግራ ሲታጠፍ። አደጋው ከታወቀ በኋላ ለሞተረኛው የሚቀረው ጊዜ ከሁለት ሴኮንድ ያነሰ ነበር። በዚያች ቅጽበት አብዛኛው የኋላ ፍሬን ረግጦ ጎማውን ያንሸራትታል፤ ይበልጥ የሚያቆመውን የፊት ፍሬን ግን በሚገባ አይዝም። ይህ የፍርሃት ውጤት ብቻ አልነበረም፤ 92 በመቶ ያህሉ በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የተማሩ ናቸው። ፍጥነትም እንደሚባለው አልነበረም፤ ከአደጋው በፊት የነበረው መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ነጂዎች ለዓመታት ቢነዱም፣ ከግማሽ የሚበልጡት የተጋጩበትን ሞተር ከያዙት አምስት ወር አልሞላቸውም ነበር።

ከጥናቱ ሁለት ነገሮች ጎልተው ወጡ፤ መታየትና መሠልጠን። ካሊፎርኒያ ውጤቱ ከመውጣቱ በፊትም እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የሚሠሩ ሞተሮች ሲነሱ የፊት መብራታቸው አብሮ እንዲበራ አዘዘች። ፋብሪካዎቹ በ1973 ያቋቋሙት የሞተር ሳይክል ደህንነት ፋውንዴሽን ደግሞ ትምህርቱን በሦስት ቃላት አጠቃለለ፤ ፈልግ፣ መዝን፣ ፈጽም። ተማሪው ቅድሚያ የእሱ ቢሆንም ሌላው እንደማያከብርለት አስቦ መንዳትን ይማራል። በቡድን ለሚጓዙትም ሥርዓት ተዘጋጀ። ጎን ለጎን መሄድ ቀርቶ አንዱ በረድፉ ግራ ሌላው በቀኝ ይሰለፋሉ፤ በሰያፍ ካለው አንድ ሴኮንድ፣ ቀጥታ ከፊት ካለው ቢያንስ ሁለት ሴኮንድ ይራራቃሉ። ይህ አሰላለፍ ከፊት ያለው ድንገት ቢዘወር ለኋለኛው ማምለጫ ይተውለታል። መታጠፊያ ላይ ግን አንድ በአንድ ይሆናሉ።

የኸርት ሥዕል የመኪና አገር ሥዕል ነው። ሞተር ከመኪና በሚበዛባቸው የእስያ ከተሞች ሞተረኛውን የሚያሰጋው በአጠገቡ የሚያልፈው ሌላ ሞተረኛም ነው። ማሌዢያ ክላንግን ከኩዋላ ሉምፑር በሚያገናኘው ፌዴራል አውራ ጎዳና ላይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሞተር ብቻ የሚሆን መንገድ ሠራች፤ በ1990ዎቹ አስረዘመችው። ሲራዘም በተደረገ ጥናት የሞተር አደጋ 39 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ መኪና ስለሌለ የቀረው ጥንቃቄ በሞተረኞች መካከል ነው። ከግራና ከቀኝ በሚሹለከለኩ ሞተሮች የተሞላችው ቬትናም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 15 ቀን 2007 ጀምሮ ሄልሜትን በሁሉም መንገድ ላይ አስገደደች፤ ከሞተረኛው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውም በአጭር ጊዜ ውስጥ ታዘዘ።

በተጨናነቀ መንገድ ላይ በመኪኖች መሃል መሽሎክሎክ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪም በሚገባ የሚያውቀው ልማድ፣ ከሁሉ ዘግይቶ ተጠና። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሪፖርት በካሊፎርኒያ አደጋ የደረሰባቸውን 5,969 ሞተረኞች መዝገብ መረመሩ፤ 997ቱ አደጋው ሲደርስ በመኪኖች መሃል ይሹለከለኩ ነበር። ከእነዚህ በጭንቅላታቸው የተጎዱት 9 በመቶ ሲሆኑ ከሌሎቹ 17 በመቶ ተጎድተዋል። ከኋላ መገጨትም ቀንሶላቸዋል። እነሱ ግን ከፊታቸው ያለውን በብዛት ገጭተዋል፤ 38 በመቶ፣ ሌሎቹ 16 በመቶ። አጥኚዎቹ ድርጊቱ አደጋን የማያባብሰው የመኪናው ፍሰት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥና ሞተረኛው ከመኪኖቹ በ24 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲፈጥን ነው አሉ። በቀጣዩ ዓመት ካሊፎርኒያ ድርጊቱን በሕግ በመተርጎም ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። የፍጥነት ልኮቹን ግን በሕጉ ውስጥ አላስገባቸውም፤ መመሪያ ማውጣቱን ለግዛቱ አውራ ጎዳና ፖሊስ ተወው።