ጠይቆ ለማይረዳ አንባቢ መጻፍ፦ ከእምኩሉ እስከ ነቀምቴ

አንድ መሣሪያ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ፣ ሠሪው በአጠገቡ በሌለ ጊዜ የሚናገርለት አብሮት የተላከው ጽሑፍ ብቻ ነው። ጽሑፉ የጎደለ እንደ ሆነ ተጠቃሚው ይገምታል፤ ግምቱ ሲስትም ሥራው ይበላሻል። ይህ ችግር ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር የመጣ መስሎ ቢታይም፣ ከወለጋ ታሪክ ጋር የተያያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ምሳሌ አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። ገና በልጅነቱ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወድቆ ከተሸጠ በኋላ በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ በአቅራቢያዋ በምትገኘው በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን፣ ቀጥሎም በስዊድን አገር ተማረ። ወደ ትውልድ አገሩ የሚያስገባው መንገድ ለረጅም ጊዜ ስላልተከፈተለት፣ በእምኩሉ ተቀምጦ ፊታቸውን ለማያያቸው ወገኖቹ ይጽፍ ጀመር። ወደ ኦሮምኛ የተመለሰው አዲስ ኪዳን በ1893፣ የፊደልና የንባብ መማሪያው በ1894 እዚያው ታተሙ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በቅድስት ክሪሾና ታትሞ ወጣ።

ኦኔሲሞስ ከቋንቋው ተናጋሪዎች መካከል የተለየው ልጅ ሳለ በመሆኑ፣ የተማረ ሰው ቢሆንም ሥራውን ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም ነበር። ይህን ጉድለት በይበልጥ የሞላችው እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴር 15,000 ያህል የኦሮምኛ ቃላት የሰበሰበች ከመሆኗም በላይ፣ 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ከትዝታዋ ጻፈች። ከእነዚህም 79ኙ በ1894ቱ መማሪያ ውስጥ ገቡ። ከዚህ የምንረዳው፣ የመጽሐፉ ቃላት ከጸሐፊው ጠረጴዛ ብቻ የፈለቁ ሳይሆኑ በተናጋሪው አፍ የተፈተኑ መሆናቸውን ነው።

ይሁን እንጂ ጽሑፍ ሁልጊዜ የሚያስቀረው ነገር አለ። መጻሕፍቱ የታተሙበት የግዕዝ ፊደል መጥበቅንና መላላትን አይለይም። በአማርኛም «ገና» የሚለው ቃል በዓሉን ይሁን «እስካሁን» ማለትን የሚለየው በአንባቢው እውቀት ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ክፍተቱን ሳያስተውለው ይሞላዋል፤ ለማያውቀው ግን ያው ክፍተት የስሕተት በር ይሆንበታል። ከ1991 ወዲህ በይፋ የሚሠራበት ቁቤ፣ መጥበቅንና የአናባቢን ርዝመት ፊደል በመድገም ማሳየቱ ይህንኑ ሸክም ከአንባቢው ወደ ጽሑፉ ያዛወረ ነው ለማለት ይቻላል።

በ1904 ኦኔሲሞስና አስቴር ነቀምቴ ሲገቡ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ ተቀበሏቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መጽሐፉና መምህሩ በአንድ ቦታ ተገናኙ፤ ገጹ ያላብራራውን መምህሩ በቃል ያብራራው ዘንድ ተቻለ።

ዛሬ ኤጀንት የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓት ግን እንዲህ ያለ መምህር በአጠገቡ የለውም። ኦፕንኤአይ በ2023 ሞዴሎቹ የውጭ ፕሮግራሞችን እንዲጠሩ የሚያስችል ስልት አወጣ፤ አንትሮፒክም በኅዳር ወር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን የመሣሪያዎች ማገናኛ ደንብ ይፋ አደረገ። በዚህ አሠራር ሞዴሉ እንደ ወትሮው የመሣሪያውን ውስጣዊ ኮድ አያይም፤ የሚቀርብለት የመሣሪያው ስም፣ መግለጫውና የሚቀበላቸው መረጃዎች ዝርዝር ነው። የትኛውን መሣሪያ መቼ እንደሚጠራ የሚወስነውም በዚያ ጽሑፍ ላይ ተመርኩዞ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በወለጋ የቡና ግዢን የሚመዘግብ መሣሪያ ቢኖርና መግለጫው «መጠን» ብሎ ብቻ ቢያልፍ፣ 10 የሚለው ቁጥር 10 ኪሎ ነው ወይስ 10 ፈረሱላ? አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለ ሆነ ልዩነቱ 160 ኪሎ ይሆናል። «ዓመት» ቢባል 2017 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓ? «ሰዓት» ቢባልስ 2 ሰዓት ጧት ነው ወይስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ? የነቀምቴ ነጋዴ ይህን ሁሉ ሳይነገረው ያውቃል፤ ኤጀንቱ ግን ይገምታል፤ ግምቱንም በሙሉ ልብ ሥራ ላይ ያውላል።

ስለዚህ ጥሩ መግለጫ፣ መሣሪያው የሚሠራውንና የማይሠራውን፣ ከሚመሳሰሉት የሚለይበትን፣ የመስፈሪያውን ዓይነት፣ የሚመልሰውን ውጤትና ሲሳነው የሚሰጠውን ምላሽ በግልጽ ያስቀምጣል። ከሁሉም በላይ መዝገብን የሚያነበውን መሣሪያ መዝገብን ከሚለውጠው መለየት ይኖርበታል፤ የተሰረዘ ሒሳብ በይቅርታ አይመለስምና። ይህም ሁሉ ከተጻፈ በኋላ አስቴር ቋንቋውን እንደ ፈተነችው፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰውና በእውነተኛ ጥያቄ ሊፈተን ይገባል።

ኦኔሲሞስ በ1931፣ አስቴርም በ1964 አርፈዋል። የመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም ሲነሣ የኦኔሲሞስ ስም ዘወትር ይጠራል፤ የአስቴር ግን እምብዛም አይወሳም። በምሕንድስናም ቢሆን መሣሪያውን የሠራው ይመሰገናል፤ ቃሉን ያጠራው ግን ይረሳል። ሆኖም መግለጫ መጻፍ ሥራው ካለቀ በኋላ ለጀማሪ የሚተው ትርፍ ሥራ ሳይሆን የሥራው አንድ ክፍል ነው፤ ከሠሪው ርቆ ለሚገኘው ተጠቃሚ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ያ ጽሑፍ ነው።